ከጣና የት?

አያት፣ ከቀላል ባቡሩ ማብቂያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጾም ሰሞን ወንበር የሚጠፋበት አንድ ዓሣ ቤት አለ። ባለፈው ፍልሰታ ለብለብ አዝዤ ስጠብቅ አስተናጋጇን "ዓሣው ከየት ነው?" አልኳት።

"የጣና ነው ጋሼ፤ ዛሬ ጠዋት የገባ።"

"ከጣና የት?"

ሳቀች። "እሱንማ ዓሣውን ይጠይቁት!"

ዓሣውን መጠየቅ የእውነት ሙያ ነው። ሠራተኞቹ መረብ፣ ጀልባ፣ የድምፅ መሣሪያና ብዙ ትዕግሥት ይዘው ውኃ ላይ ይውላሉ። ውጤቱ የስርጭት ካርታ ይባላል፤ የትኛው ፍጥረት የትኛው ወለል ላይ፣ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ወር እንደሚገኝ የሚያሳይ ወረቀት ማለት ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በዋናነት የባሕር ነው፤ ኮራሉን፣ የባሕር ሣሩን፣ ኤሊውን ለመጠበቅ ይሠራል። እኛም ባሕር በነበረን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965፣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክ ደሴቶች ድረስ መጥተው የቀይ ባሕርን ፍጥረታት ሰብስበው ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ዳህላክ የኤርትራ ነው። አማርኛ ግን ባሕርን ከሐይቅ ለመለየት ብዙም አይጨነቅም፤ ጣና ዳር የበቀለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል። ስለዚህ ሙያውን ከጣና ጋር አድርጌ ባስተዋውቅ ቅር የሚለው አይኖርም።

ጣና በግርድፉ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል፤ አማካይ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቁ ቦታም ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የአያትን ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም ወስደው ከጥልቁ ቦታ ቢያቆሙት ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ይደርስ ይሆናል እንጂ ሕንፃውን አርቆ አይቀብረውም። ምንጣፍ የመሰለ ሐይቅ ነው፤ ሰፊና ስስ።

ይህን ወለል ለማየት ዓይን አይረዳም። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የጎጃምንና የጎንደርን አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ወንዞቹ አፍ ላይ ክንዱን ውኃ ውስጥ የሰደደ ሰው ጣቶቹን አያያቸውም። በጠራ ባሕር ሳተላይት ሃያ ሜትር ድረስ ወለሉን ሊያይ ይችላል፤ ጣና ላይ ግን ከላይ የሚታየው ቡናማ ውኃ ብቻ ነው። የቀረው ጆሮ ነው።

እንጦጦ ወጥቶ ገደል ፊት ለፊት የጮኸ ልጅ የመሣሪያውን አሠራር ያውቀዋል። ድምፁ ሄዶ ገደሉን መትቶ ይመለሳል፤ የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ኢኮሳውንደር የሚባለው መሣሪያ ጀልባው ሥር ተገጥሞ ወደ ታች "ይጮኻል"፣ መልሱንም ይቆጥራል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአየር ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ወለሉ ዘጠኝ ሜትር ላይ ከሆነ ድምፁ 18 ሜትር ሄዶና ተመልሶ ለመድረስ የሚፈጅበት 12 ሺህኛ ሰከንድ ነው። መልሱ ሲመጣም ዝም ብሎ አይመጣም፤ ከድንጋይ የተመለሰ ጠንከር፣ ከደለል የተመለሰ ለስለስ ይላል። ዓሣም በሆዱ የአየር ከረጢት ስላለው መልስ ይሰጣል። መሣሪያው "እዚህ ዓሣ አለ" ይላል እንጂ ቀረሶ ይሁን አምባዛ አይለይም።

ታዲያ ለምን ወለሉን በሙሉ አዳምጠን አንጨርሰውም? እስቲ አብረን እናስላ። ወለሉን በሰፊ ጥርግ አድርጎ የሚያዳምጠው ዘመናዊ ሶናር ጥልቀቱን ሦስት አራት እጥፍ ያህል ወደ ጎን ይሸፍናል። በዘጠኝ ሜትር ውኃ ላይ ይህ 30 ሜትር ገደማ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትርን በ30 ሜትር ጥብጣብ ለመሸፈን 100,000 ኪሎ ሜትር መቅዘፍ ያስፈልጋል፤ ምድርን ሁለት ጊዜ ተኩል መዞር ነው። በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ፣ እሑድ እንኳ ሳያርፍ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ውቅያኖስ በጥልቀቱ ምክንያት በአንድ ጉዞ ሰፊ ቦታ ይሸፈንለታል፤ ያም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ የውቅያኖስ ወለል ካርታ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2017 አንድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀመር በአግባቡ የተለካው ስድስት በመቶ ያህል ብቻ ነበር። አሁን ሩብ ገደማ ደርሷል። ስለዚህ የትም ቢሆን የሚደረገው አንድ ነው፤ መስመር እያራራቁ መለካት፣ በመሐል ያለውን መገመት።

ጣናን ያጠኑት ደግሞ ሁልጊዜ በመልካም ቀን የመጡ አልነበሩም። ደንጊላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን ደሴቶቹንና ዳርቻውን እየዞረ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት፣ በወረራው ዘመን፣ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጣሊያን ቡድን መጥቶ ጥልቀቱን ለካ፤ ሞራንዲኒ የተባለው የቡድኑ አባል የውኃውን ጥናት ጽፏል። ወራሪው ሄደ፤ አንደኛው የጣና ዓሣ ግን እስካሁን በሳይንስ ስሙ "ዳይኔሊ" ይባላል። ጎርጎራ የሚል ስም ያለው ዓሣም አለ፤ እሱ የእኛው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዓሣዎቹ ትንሽ ልቆይ። ዓሣ አስጋሪው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚላቸው የጣና ዓሣዎች፣ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአፍ ቅርጽ፣ በጭንቅላትና በከንፈር ለይተው ሲቆጥሯቸው 15 ያህል ዝርያ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። የካርፕ ዘመዶች ናቸው፤ ይህ ዘር መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ በአብዛኛው ጭቃና ሣር ለቅሞ አዳሪ ነው። ከጣናዎቹ ግን ስምንቱ ዓሣ በሊታ ሆነዋል። ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ! ከወለሉ በወጣ ደለል የተደረገ ጥናት ደግሞ ሐይቁ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ ከሆነ በተፈጥሮ ሰዓት የትናንት ነገር ነው። ለካርታ ሠሪው ግን ቅርበታቸው ችግር አምጥቶበታል። ሌላ ቦታ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ በውስጡ ካለ ዲኤንኤ ዝርያውን መለየት ይቻላል፤ የጣናዎቹ በዘር ገና አልተራራቁምና ጠርሙሱ አይለያቸውም። መረብ ጥሎ፣ ይዞ፣ አፉን ማየት ግድ ነው።

ካርታው ላይ የምናያት እያንዳንዷ ነጥብ ስለዚህ የአንድ ሌሊት መረብ ናት፤ ቀን፣ ጥልቀት፣ የመረቡ ዓይን ስፋት ተጽፎባታል። ነጥብ የሌለበት ባዶ ቦታስ? ወይ ዓሣው የለም፣ ወይ መረብ የጣለ የለም። ካርታው ሁለቱን ካልለየ አንባቢውን ያሳስታል። ጥናት የሚበዛው ደግሞ ላቦራቶሪው፣ ጀልባውና መንገዱ ባለበት በባሕር ዳር በኩል ስለሆነ፣ የዓሣ ካርታ ነው ብለን የያዝነው የተመራማሪ ካርታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ባዶውን ለመሙላት መጀመሪያ መሄድ ያለብን በደንገል ታንኳ ትውልድ ሲቀዝፉ ወደኖሩት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ነው። ያለ ሶናር ወለሉን ያውቁታል።

ሌላው ጣጣ ዓሣው ካርታ ላይ አለመቀመጡ ነው። ቢያንስ ሰባት የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ዓመቱን ሐይቁ ውስጥ ከርመው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት ሰፊው ሐይቅ ጠብቦ የወንዝ አፍ ያክላል። ይህን አስጋሪውም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ገባ፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በተመራማሪዎች መረብ የሚያዘው ትልልቅ ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ርብ ላይ ደግሞ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ስለዚህ ለነዚህ ዓሣዎች አንድ ካርታ አይበቃም፤ አንድ የበጋ፣ አንድ የክረምት ይፈልጋሉ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስፋት ዋጋው ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አንድን ዝርያ "ለአደጋ የተጋለጠ" ለማለት ከሚያያቸው መመዘኛዎች አንዱ ሁሉንም ነጥቦች የሚያቅፈው ክልል ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ማነሱ ነው። ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱንና የሚገኝባቸው ቦታዎች ማነሳቸውን የመሰለ ማስረጃም ይጨመርበታል። ጣና ሙሉው እንኳ 5,000 አይሞላም። ጣና ብቻ የሚኖር ዓሣ ገና ሲፈጠር ይህን መመዘኛ አሟልቶ ነው።

ከአያት ቀና ብዬ ወደ እንጦጦ ሳይ የሚታወሰኝ ሌላ ካርታ ሠሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ አንድ 72 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር፤ መቆጣጠሪያዋም እዚያ ጋራ ላይ ነበር። እንዲህ ያለች ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየውን እምቦጭ አረም በደንብ ትለያለች፤ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ሲያንጸባርቅ ውኃ ግን ይውጠዋል፣ ስለዚህ አረሙ ጥቁር ላይ እንደ ነጭ ነጠላ ይታያል። ችግሩ ነፋስ ነው፤ የሰኞው ካርታ ዓርብ ላይ አይሠራም። አረሙ ሥር ስላለው ዓሣም ሳተላይቷ ምንም አትነግረንም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናንና ዙሪያውን፣ 700 ሺህ ሄክታር ያህል፣ የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግብ በጥብቅ የሚጠበቀው፣ ዙሪያው ያለው ቀለበትና ሰው የሚሠራበት ተብሎ በመስመር ተከፋፍሏል። መስመሩ መልካም ነው። ዓሣዎቹ ግን በነሐሴ ያቋርጡታል።

ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ እኔም ለብለብ ያዘዝኩት በዚያው ሰሞን ነበር። በመጪው ጾም ዓሣ ቤት የምትገቡ ሁሉ እባካችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፦ ቀረሶ ነው ወይስ ነጭ ዓሣ? የጣና ነጭ ዓሣ ከሆነ፣ ከሐይቁ መሐል ነው ወይስ ከወንዝ አፍ? አስተናጋጇ ትስቅባችሁ ይሆናል። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቃት ግን ባለቤቱን፣ ባለቤቱም አምጪውን መጠየቁ አይቀርም።