ያውቁ ኖሯል? ሽጉጥን መወልወል በእርጥብ አገር

በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን መቀመጫ የሆነችው መቲ የምትገኘው፣ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የማጃንግ ደን ባለበት አካባቢ በመሆኑ፣ እርጥበት አዘሉ አየር ለብረት፣ በተለይም በቆዳ አፎት ውስጥ ለሚከርም ሽጉጥ፣ ጽኑ ጠላት ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ፣ ማለትም ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ፣ ቀለሁን ወደ ውጭ ጥሎ ቀጣዩን ጥይት በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ፣ ከመወልወሉ በፊት ካዝናው፣ ይኸውም የጥይት መያዣው፣ መውጣት አለበት፤ ይሁንና ካዝናው ከወጣም በኋላ በበርሜሉ መነሻ ባለው የጥይት ማደሪያ አንድ ጥይት ሊቀር ስለሚችል፣ ማደሪያው ተከፍቶ በዓይንም በጣትም ካልተፈተሸ ውልወላው ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በብዙ አሮጌ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት ሲቃጠል፣ እርጥበት እየሳበ ዝገትን የሚያፋጥን ጨው በበርሜሉ ውስጥ ይተዋል፤ ይህን ጨው ዘይት ስለማያሟሟው፣ በርሜሉ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ብቻ ስስ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ አቧራና የባሩድ ጥላሸት ይሰበስባል።