ከማረጥ በኋላ የእናቶቻችን ልብ

ሙስሊም ሴት የሐይድ ቀኖቿን ትቆጥራለች። ሶላቷና ጾሟ ከዚህ ቆጠራ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው መቼ እንደ ጀመራት፣ መቼ እንደ ጠራች ለይታ ታውቃለች። ሐይድ ፈጽሞ ሲቆም ብዙዎቹ እናቶቻችን «አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ ቀዷ ሳይኖርብኝ ረመዷንን እጾማለሁ» ብለው ይደሰታሉ። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም ይኸው ወቅት ልባቸው ከቀድሞው የበለጠ ጥበቃ የሚያስፈልጋት መሆኑን የሚነግራቸው ብዙ ጊዜ አያገኙም።

የልብ በሽታ የወንዶች ብቻ ነውን?

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የልብ በሽታ የወንዶች፣ በተለይም የአጫሾች በሽታ ተደርጎ ይታሰባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከሞቱት ሴቶች 35 በመቶ ያህሉን የገደሉት የልብና የደም ሥር በሽታዎች ናቸው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 የተጀመረው የታወቀ ጥናት በ1976 ባወጣው ዘገባ፣ እኩያ ከሆኑ ሴቶች መካከል ያረጡት ካላረጡት ይበልጥ በልብ በሽታ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ የዕድሜ መግፋት ብቻ አይደለም።

በሰውነት ውስጥ ምን ይለወጣል?

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። በዚህ ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በእጅጉ ይቀንሳል። እርሱ ሲቀንስ ጎጂው ኮሌስትሮል ከፍ ይላል፤ የደም ሥሮችም እየደደሩ ይሄዳሉ።

ስብም ቦታውን ይለውጣል። በወጣትነት በዳሌና በጭን ላይ ይከማች የነበረው አሁን በሆድ ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። ጉበትንና አንጀትን ከብቦ የሚቀመጠው ይህ ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ አደገኛ ነው። ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት በር ይከፍታል። ክብደቷ ብዙም ያልጨመረ ሴት እንኳ ወገቧ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ከሚዛኑ ጋር የልብስ ሰፊ ሜትርም ያስፈልጋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የሴት ወገብ ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ አደጋው ይጨምራል፤ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ እጅግ ይጨምራል። እኛ ግን ቦርጭ ስናይ «ደልቷታል» እንላለን!

ምልክቶቹን እንወቅ

ደረትን የሚጫን ሕመም በሴቶችም ዋነኛው ምልክት ነው። ነገር ግን የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመምና ያልተለመደ ድካም በሴቶች ላይ ይበልጥ ይታያሉ። እናት «ጨጓራዬ ነው፤ ብርድ መቶኝ ነው» ብላ ልታልፈው ትችላለች። እንዲህ ያለው ስሜት በድንገት ከመጣ ውሎ ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ምን እናድርግ?

ሐይድ ሲቆም የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መመርመር ይልመድ። ከ40 ዓመት በፊት ያረጠች እህት ደግሞ ይበልጥ ልትጠነቀቅ ይገባታል። ለልብ ተብሎ ብቻ የሆርሞን መድኃኒት መውሰድ አይመከርም፤ በአሜሪካ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ጉዳቱ ከጥቅሙ በማመዘኑ በ2002 እንዲቆም ተደርጓል።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያስፈልጋል። ሶላት ዒባዳ ነው፤ የእግር ጉዞውን ግን አይተካም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሆድ ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ መተውን አስተምረውናል። የኢፍጣር ማዕዳችን ግን በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በጣፋጭ ሲሞላ እናያለን። የሚረጋውን ዘይትና ቅቤ እንቀንስ። ጨውም ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ።

የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች ከረመዷን በፊት ሐኪም ያማክሩ። ዲናችን ለበሽተኛ ያደረገውን ማግራራት መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

አባቶችና ወጣቶች ሆይ! ቤቱን ሙሉ ስታስታምም የኖረች እናት የራሷን ሕመም የምትናገረው በመጨረሻ ነው። እስክትናገር አንጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን ግፊቷን እናስለካት። ለወላጆች በጎ መዋል ከዚህም ይጀምራል። አላህ (ሱ.ወ.) ለእናቶቻችን ዓፊያና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። አሚን።