ያገለገለ ማዘርቦርድ ፈርምዌር ማደስ

የማዘርቦርድ ፈርምዌር ማደስ ማለት በማዘርቦርድ ላይ በተገጠመ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ያለውን የማስነሻ ፕሮግራም አምራቹ ባወጣው ሌላ ዕትም መተካት ነው። ይህ ፕሮግራም በተለምዶ ባዮስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የተባለው የባዮስ ተተኪ ቢሆንም፣ የድሮው ስም ለሁለቱም ያገለግላል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሆኖም በመሀል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም እንዳሉት እንደ ቢቸና እና ሞጣ ባሉ ከተሞች፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ልዩ የጥገና መሣሪያ በቅርብ በማይገኝበት ሁኔታ፣ ከአሠራሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ማዘርቦርዱ መታደስ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው።

የባዮስ ሥራ እና ታሪክ

ኮምፒዩተር ሲበራ ፕሮሰሰሩ ገና ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን አያውቅም። መጀመሪያ የሚያነበው ትእዛዝ በባዮስ ቺፑ ውስጥ ያለውን ነው። ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ለሥራ ያዘጋጃል፣ ራሙን ይፈትሻል፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን ያስነሳል፣ ከዚያም ሃርድ ዲስኩን ፈልጎ ሥራውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ላይ የነበረው ባዮስ መጠኑ 8 ኪሎባይት ሲሆን፣ ሊጻፍበት በማይችል ሮም ውስጥ የተቀመጠ ነበር። እሱን መቀየር የሚቻለው ቺፑን ነቅሎ ሌላ በመትከል ብቻ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍ ፍላሽ ቺፕ ሲስፋፋ ባዮስን በቤት ውስጥ ማደስ ተቻለ። አደጋውም አብሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታየው ሲአይኤች የተባለው የኮምፒዩተር ቫይረስ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999) በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ባዮስ አጥፍቶ እንዳይነሱ አድርጓል። ዛሬ በማዘርቦርድ ላይ የሚገኙት ቺፖች አብዛኞቹ ስምንት እግር ያላቸው ሲሆኑ፣ መጠናቸው ብዙውን ጊዜ 8፣ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን ይፈጠራል

ፍላሽ ቺፕ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ በቀጥታ አይጽፍም። መጀመሪያ አንድ ክፍል ይሰረዛል፣ ቀጥሎ አዲሱ ይጻፍበታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ይታለፋል። በዚህ መሀል መብራት ከጠፋ ቺፑ ከአሮጌው ዕትም ግማሽ፣ ከአዲሱ ግማሽ ይዞ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ፕሮሰሰሩ የሚያነበው የተሟላ ትእዛዝ አያገኝም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

የዊንዶውስ ጭነት በመሀል ቢቋረጥ እንደገና መጫን ይቻላል፤ ምክንያቱም ባዮሱ ደህና ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ከፍላሽ ዲስክ ይነሳል። ባዮሱ ሲበላሽ ግን ከፍላሽ ዲስክ የሚያስነሳው ፕሮግራም ራሱ የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለዚህ መጠባበቂያ አላቸው። ለምሳሌ ብዙ የጊጋባይት ማዘርቦርዶች ሁለት የባዮስ ቺፕ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንድ የአሱስና የኤምኤስአይ ሞዴሎች ደግሞ ያለ ፕሮሰሰር ጭምር ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ የሚጽፍ ልዩ ቁልፍ አላቸው። ባገለገሉና በርካሽ ሞዴሎች ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መታደስ የሚያስፈልገው መቼ ነው

ማዘርቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር ሳያውቀው ሲቀር፦ ይህ ዋናው ምክንያት ነው። ኤች61ን የመሳሰሉ የኢንቴል ባለ6 ተከታታይ ማዘርቦርዶች የተሠሩት ለሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሦስተኛ ትውልድ በዚያው ሶኬት ላይ ይገባል፤ ባዮሱ ካልታደሰ ግን አይነሳም። ኤች110 ላይ ሰባተኛ ትውልድ ሲገጠምም እንደዚሁ ነው። በኤኤምዲ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡት የቢ350 ማዘርቦርዶች በ2020 የወጡትን የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የሚቀበሉት ከታደሱ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ማደሱን የሚሠራው ቀድሞ የሚታወቀው አሮጌ ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ እሱን ሳይሸጡ ወይም ሳይመልሱ ማቆየት ወይም ከጥገና ቤት መዋስ ያስፈልጋል።

የታወቀ ችግር ሲኖር፦ አምራቹ በእያንዳንዱ ዕትም ሥር ያስተካከለውን ይዘረዝራል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ችግር፣ ለምሳሌ አንድን ራም አለማንበብ ወይም ከኤንቪኤምኢ ዲስክ አለመነሳት፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከተጠቀሰ ማደሱ ትርጉም አለው።

የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ይፋ የሆኑት ስፔክተር እና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ከባዮስ ጋር የሚመጣ ማስተካከያ አስፈልጓቸው ነበር። ሆኖም ዊንዶውስና ሊኑክስ ይህንኑ ማስተካከያ በተነሱ ቁጥር ራሳቸው ለፕሮሰሰሩ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማደስ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውና አነስተኛ አደጋ ያለው እርምጃ ነው።

በሌላ በኩል ባዮስ ማደስ ኮምፒዩተርን በግልጽ የሚታይ ያህል አያፈጥንም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ባዮስ ማደስ ይፈልጋሉ። ማደሱ ወይም የባዮስ ማስተካከያው ቲፒኤም የተባለውን የደኅንነት ክፍል ሊያስከፍት ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ከዝርዝሩ ውጭ ያደረገውን አሮጌ ፕሮሰሰር ግን ተቀባይ አያደርገውም። ኮምፒዩተሩ ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ አለማደስ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

የቢቸና እና የሞጣ ሁኔታ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከሞጣ ጋር ሁለቱም ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ቢቸና ከአዲስ አበባ ወደ 265 ኪሎሜትር፣ ሞጣ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎሜትር ይርቃሉ። የባዮስ ቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ለማግኘት ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ካስፈለገ፣ የትራንስፖርቱና የጥገናው ወጪ ተደምሮ ካገለገለው ማዘርቦርድ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ኮምፒዩተሩ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም የፎቶ ቤት መተዳደሪያ ከሆነ ደግሞ ሥራው የሚቆምባቸው ቀናትም ይታሰባሉ።

ሦስት የአካባቢው ሁኔታዎች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው መብራት ነው። በክረምት ወራት ነጎድጓድና ዝናብ ባለበት ሰዓት የመቋረጥ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ሰማዩ ሲጠቁር ማደስ አይጀመርም። ብዙ ቤቶች ያላቸው ስታብላይዘር 220 ቮልቱን ከመዋዠቅ ይጠብቃል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኃይል አይሰጥም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ነው። የዩፒኤሱን ባትሪ ለመፈተን፣ ኮምፒዩተሩን አብርቶ አስፈላጊ ፋይል ሳይከፈት ዩፒኤሱን ከሶኬት መንቀልና ከአሥር ደቂቃ በላይ መቆየቱን ማየት ይበቃል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ከዴስክቶፕ አይለይም።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይል በፍላሽ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የባዮስ ፋይል ትንሽ ስለሆነ በዚህ መንገድ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ምንጩ የአምራቹ ድረ ገጽ መሆኑ መታወቅ አለበት። አምራቹ የሃሽ ቁጥር ካወጣ፣ ሲወርድ ቁጥሩን ጽፎ መያዝና ከመጫኑ በፊት ማመሳከር ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱንና አለመለወጡን ያረጋግጣል።

ሦስተኛው የማዘርቦርዱ ማንነት ነው። ያገለገለ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ካርቶኑና መመሪያው ሳይኖር ይሸጣል፤ ኬዙ ላይ ያለው ስምና ውስጡ ያለው ማዘርቦርድም ላይገናኙ ይችላሉ።

ከማደስ በፊት

1. የማዘርቦርዱን ሞዴል ከሰሌዳው ላይ ማንበብ። ስሙ ብዙውን ጊዜ በካርድ ማስገቢያዎቹ መካከል ወይም በራሙ አጠገብ ታትሟል። ከስሙ ቀጥሎ የሚገኘው የ«ሬቭ» ቁጥር የስሙ አካል ነው፤ ሬቭ 1.0 እና ሬቭ 2.0 የተለያየ ባዮስ ሊኖራቸው ይችላል። ዴል፣ ኤችፒ እና ሌኖቮ ኮምፒዩተሮች ላይ በኬዙ ላይ በተለጠፈው መለያ ቁጥር ይፈለጋል።
2. አሁን ያለውን የባዮስ ዕትም ማወቅ። በዊንዶውስ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» በተባለው ፕሮግራም፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲነሳ በባዮሱ ገጽ ላይ ይታያል።
3. የአምራቹን ማስታወሻ ማንበብ። አንዳንድ ዕትም መጀመሪያ ሌላ መካከለኛ ዕትም እንዲጫን ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ አሮጌው መመለስ የማይፈቅድ ወይም ለቀድሞ ፕሮሰሰሮች የነበረውን ድጋፍ የሚያስቀር ነው።
4. የባዮስ ማስተካከያዎችን በስልክ ፎቶ ማንሳት። ከታደሰ በኋላ ወደ ነበሩበት የፋብሪካ ሁኔታ ይመለሳሉ።
5. አስፈላጊ ፋይሎችን መገልበጥ። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ቁልፉን ጽፎ መያዝና ቢትሎከርን ለጊዜው ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሲነሳ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል።
6. የቀድሞው ባለቤት የባዮስ ፓስወርድ ትቶ እንዳልሄደ ማረጋገጥ። ይህን ከግዢ በፊት፣ ሻጩ ፊት መፈተን ይሻላል።

የአምራች ስም የሌለው ወይም ድረ ገጹ የማይገኝ ማዘርቦርድ አይታደስም። የሌላ ሞዴል ባዮስ «ይመሳሰላል» ተብሎ ቢጫን ውጤቱ መብራት ከጠፋበት ጋር አንድ ሊሆን ይችላል።

አሠራር

አስተማማኙ መንገድ ከባዮሱ ውስጥ ሆኖ ማደስ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሆኖ የሚሠራው መንገድም አለ፤ ነገር ግን ሌላ ፕሮግራም ወይም ቫይረስ ሥራውን ሊያቋርጥ ስለሚችል ባገለገለ ኮምፒዩተር ላይ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ፋይሉ ከዚፕ ይወጣል፤ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ዲስክ ላይም ይገለበጣል። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ በዴሊት ወይም በኤፍ2 ቁልፍ ወደ ባዮስ ይገባል። የማደሻው ስም እንደ አምራቹ ይለያያል፦ በአሱስ ኢዚ ፍላሽ፣ በጊጋባይት ኪው ፍላሽ፣ በኤምኤስአይ ኤም ፍላሽ፣ በአዝሮክ ኢንስታንት ፍላሽ ይባላል። ብዙ የዴል ሞዴሎች ላይ በኤፍ12 ቁልፍ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ፋይሉ ሲመረጥ ፕሮግራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር መስማማቱን ይፈትሻል። አይስማማም ካለ ማስገደድ አይገባም። መጻፍ ከጀመረ በኋላ ቁልፍ አይነካም፣ ፍላሽ ዲስኩ አይነቀልም፣ ኮምፒዩተሩም አይጠፋም። ሲጨርስ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፤ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሊነሳ ይችላል።

ከማደስ በኋላ

ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዲስኩ ማስተካከያ ወይም የአነሳሱ ዓይነት ወደ ሌላ መቀየሩ ነው። በፎቶ የተያዘውን ማስተካከያ መልሶ ማስገባት ይበቃል።

ቀንና ሰዓትም መስተካከል አለባቸው። በባዮሱ ውስጥ የሚገባው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓትም 8 ሰዓት ተብሎ ይገባል። የኢትዮጵያ ዓመት ከገባ ኮምፒዩተሩ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት ወደኋላ ይሆናል፤ የኢንተርኔት ማሰሻውም የድረ ገጾችን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ስለሚያይ አልከፍትም ይላል። ሰዓቱ በጠፋ ቁጥር የሚዛባ ከሆነ ሲአር2032 የተባለችው ባለ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። ይህ በባትሪ ለውጥ የሚፈታ እንጂ ባዮስ በማደስ የሚፈታ ችግር አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ካልተነሳ

መጀመሪያ መብራቱ ተነቅሎ ክብ ባትሪዋ ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፤ ራሙም ተነቅሎ ይመለሳል። ይህ ካልሠራ የማዘርቦርዱ መጠባበቂያ ካለ ይሞከራል። የመጨረሻው አማራጭ ሲኤች341ኤ በመሳሰለ ርካሽ መጻፊያ ቺፑን ከሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ በቀጥታ መጻፍ ነው። ከመጻፍ በፊት የቺፑ ቮልት 3.3 ወይም 1.8 መሆኑ ይጣራል፤ የተሳሳተ ቮልት ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። በውስጡ የቀረውም ሁለት ጊዜ ተነብቦና ተነጻጽሮ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም የኔትወርክ አድራሻው፣ የመለያ ቁጥሩና በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፉ በዚያው ቺፕ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ንባብ ከተያዘ፣ ማዘርቦርዱ የሞተ ቢመስልም የመነሳት ዕድል አለው።