ደብዳቤው ዋስ ነው፦ ወደ ቻይና ለትምህርት ለሚያመለክቱ ወጣቶች

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ለሌላው ዋስ ሲሆን ስሙንና ክብሩን፣ አንዳንድ ጊዜም ሀብቱን አስይዞ ነው። ስለዚህ ዋስ ሁን የተባለ ሰው አስቀድሞ፣ «ይህን ሰው ምን ያህል አውቀዋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነውም ጉዳይ ከዋስትና የራቀ አይደለም። ይኸውም ወደ ቻይና ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ወጣቶቻችን ከመምህሮቻቸው የሚያጽፉት፣ በተማሪው አፍ «ሪኮመንዴሽን» እየተባለ የሚጠራው የምስክርነት ደብዳቤ ነው።

ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን ጎብኝተው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተነጋግረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ አገር ሄደው ሕክምናን፣ ምሕንድስናን፣ የኢኮኖሚ ትምህርትንና ሌላውንም ቀስመው ተመልሰዋል። የቻይና መንግሥት ሙሉ ስኮላርሺፕ የትምህርቱን ክፍያ፣ መኖሪያውንና የሕክምና ኢንሹራንሱን ከመሸፈኑም በላይ ለማስተርስ ተማሪ በወር 3000 ዩዋን፣ ለዶክትሬት ተማሪ ደግሞ 3500 ዩዋን ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ዕድል የሚመኘው ብዙ እንደሚሆን የታወቀ ነው። የሚመኘው ሲበዛ ደግሞ መራጩ ሰው በማርክ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። ደብዳቤው ሥራውን የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ለዚህ ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ሁለት የምስክርነት ደብዳቤዎች ያቀርባል። ጸሐፊዎቹ ፕሮፌሰር ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር መሆን አለባቸው፤ ደብዳቤውም በቻይንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከዚህ ጋር አመልካቹ ለመማር ወይም ለመመራመር ያሰበውን የሚገልጽ የጥናት ዕቅድ ያያይዛል። ይህ ሁሉ ተነቦ ሊገባ የሚችል ነው። ችግሩ የሚመጣው ደንቡን ከማሟላት ባሻገር፣ ደብዳቤው ምን ቢል ይጠቅማል የሚለውን ሳናስብ ስንቀር ነው።

በመሥሪያ ቤቶቻችን «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጀምር ወረቀት የተለመደ ነው። ወረቀቱ የሰውየውን ስም፣ የተቀጠረበትን ቀንና የሥራ መደቡን ገልጾ፣ «መልካም ጠባይ ያላቸው መሆኑን እናረጋግጣለን» ብሎ ማኅተም ያርፍበታል። ለአገር ውስጥ ጉዳይ ይህ በቂ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው እንጂ የምስክርነት ደብዳቤ አይደለም። ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱን ቃል ይናገራል፤ የሚፈለገው ግን ያየ ሰው ቃል ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ መምህር፣ «ተማሪው ትጉህ፣ ብልህና ታዛዥ ነው» ብለው ጻፉ እንበል። ይህ ቃል ለማንም ተማሪ ሊባል ስለሚችል ለማንም አይሠራም። ሌላው መምህር ደግሞ፣ «ይህ ተማሪ በመመረቂያ ጥናቱ የአንድ ወንዝን የ10 ዓመት የውኃ መጠን መዝገብ ሰብስቦ፣ የጎደለውን ወር ዝም ብሎ ከመሙላት ይልቅ መጉደሉን ገልጾ አቀረበ፤ ካስተማርኋቸው 60 ተማሪዎች ይህን ያደረገው እርሱ ብቻ ነው» ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢው ከሺ ኪሎ ሜትር ማዶ ሆኖ ልጁን ያየው ያህል ይሆናል። የሁለተኛው ደብዳቤ ኃይል የመጣው ከምስጋናው ብዛት ሳይሆን መምህሩ በዓይናቸው ካዩት ነገር ነው።

ቻይና ራስዋ በዚህ ነገር ረጅም ታሪክ ያላት አገር ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ134 ዓመት የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የነበረው ዉ፣ አገረ ገዢዎቹ ወላጆቹን የሚያከብርና እጁ ከጉቦ የጸዳ ሰው ከየግዛታቸው እየመረጡ እንዲልኩለት አዘዘ። በኋላ ግን ምርጫው በትልልቆች ቤተ ዘመድ እጅ ስለ ወደቀ የጽሑፍ ፈተና ተተካና እስከ 1905 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ቆየ። በቅርቡም ዘመን፣ በባህል አብዮት ጊዜ የመግቢያ ፈተናው ተሰርዞ፣ ከ1970 እስከ 1976 ድረስ ሠራተኛውና ገበሬው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው የሥራ ጓዶቹና አለቆቹ ሲያቀርቡት ነበር። በዚህም ጊዜ «የጓሮ በር» የሚባለው የዝምድና መንገድ ተስፋፋ። ፈተናው በ1977 ክረምት ሲመለስ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈትኖ የገባው ወደ 270,000 ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ያለ ማስረጃ የሚሰጥ ምስክርነት የቱን ያህል እንደሚረክስ ያ አገር በራሱ ላይ ያየው መሆኑን ነው። ስለዚህ ማርኩም ደብዳቤውም አብረው ቢጠየቁ ሊያስገርመን አይገባም፤ አንዱ ሌላውን ይመረምራልና።

እንግዲህ ደብዳቤውን ማን ይጻፈው? ብዙ ወጣቶች ስማቸው የገነነ ሰው ፍለጋ ይሄዳሉ። አንድ ዲን ወይም አንድ ትልቅ ሹም አንድም ቀን ያላስተማሩትን ልጅ ቢያሞግሱ ሹመታቸው ደብዳቤውን አያሞቀውም። በሌላው በኩል ደግሞ እውነተኛ ችግር አለ። በተለይ በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሌክቸረር ወይም ረዳት ፕሮፌሰር ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ማዕረግ ይጠይቃል። እንዲህ ሲያጋጥም በአንድ የትምህርት ዓይነት ያስተማሩትን ወይም የመመረቂያ ጥናቱን የፈተኑትን ተባባሪ ፕሮፌሰር መጠየቅ፣ የቅርቡም መምህር ስለ ተማሪው ያዩትን በዝርዝር እንዲነግሯቸው መለመን ይቻላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ጸሐፊው የሚመሰክሩትን እንዲያውቁ መርዳት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲም በሙያው የተመሰገነ ከፍተኛ ባለሙያ የጻፈውን ይቀበላል፤ ስለዚህ የየዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ማንበብ ያሻል።

ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት ነገር ባይደግሙ መልካም ነው። አንደኛው ስለ ክፍል ትምህርቱ ሲናገር ሁለተኛው ስለ ጥናቱ ወይም ስለ ሥራው ይናገር። ሁለቱም ከጥናት ዕቅዱ ጋር መስማማት አለባቸው። በዕቅዱ ስለ መስኖ እጽፋለሁ ያለ ልጅ፣ መምህሩ ስለ መንገድ ሥራ ዝንባሌው ቢመሰክሩለት አንባቢው ግራ ይጋባል።

የሚጠየቅበትም ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። የማመልከቻው ጊዜ እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም አብዛኛው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኅዳር ሳያልቅ መምህሩን ማነጋገር ይገባል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ! መምህሩ ዘንድ ሲኬድም የማርክ ዝርዝርን፣ የጥናት ዕቅድን፣ አጭር የሕይወት ታሪክን፣ የዩኒቨርሲቲውንና የትምህርቱን ስም፣ የመጨረሻውንም ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድ ነው። ጥያቄውም፣ «መምህር፣ ስለ እኔ በሚገባ ሊመሰክሩ ይችላሉ?» ቢሆን ይሻላል። ካመነቱ በአክብሮት አመስግኖ ሌላ ሰው መፈለግ እንጂ አስጨንቆ ማጻፍ አይጠቅምም፤ ያልፈለገ ዋስ ውሎ አድሮ ይከዳል።

ደብዳቤው በዩኒቨርሲቲው አርማ ባለው ወረቀት ሆኖ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ማዕረግ፣ ስልክና የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሊኖረው ይገባል። አንዳንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን በቀጥታ ለጸሐፊው ኢሜይል ስለሚልክ፣ አድራሻው በትክክል መጻፉንና መምህሩ መልእክቱን ማየታቸውን መከታተል ነው።

አንድ ልማድ ግን ሳንነቅፍ አናልፍም። «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እኔ እፈርማለሁ» የሚል መልስ በየዩኒቨርሲቲው ይሰማል። መምህሮቻችን ሥራ እንደሚበዛባቸው አይካድም። ሆኖም ራሱን ራሱ ያመሰገነ ልጅ ሁለቱንም ደብዳቤዎች በአንድ አጻጻፍ ስለሚያቀርብ ብዙ ያነበበ መራጭ ወዲያው ያውቀዋል። ጉዳቱም በእርሱ አይቆምም፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በሚቀጥለው ዓመት የሚያመለክተው ታናሽ ወንድሙም ይጠረጠራል። እንዲህ ሲባል ተማሪው የተጻፈ ደብዳቤ ሳይሆን ከመምህሩ ጋር የሠራውን የሚያስታውስ ዝርዝር ቢያቀርብ፣ ፍርዱንና ቃሉን ለመምህሩ ቢተው መልካም ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉትም የምንለው አለን። የቻይና ንግድ ሚኒስቴር ለታዳጊ አገሮች ሠራተኞች በሚሰጠው የማስተርስ ዕድል፣ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በታች የሆነና ቢያንስ 3 ዓመት የሠሩ ሰዎች ያመለክታሉ። ለእነዚህ፣ መሥሪያ ቤቱ መፍቀዱን የሚገልጸው ወረቀት ሌላ፣ አለቃቸው ስለ ሥራቸው የሚሰጡት ምስክርነት ሌላ መሆኑን ልናሳስብ እንወዳለን። አለቃው ሠራተኛው ያቃናውን አንድ መዝገብ ወይም ያሳጠረውን አንድ አሠራር ጠቅሰው ቢጽፉ፣ ከአሥር የማዕረግ ስም ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ጠንካራ ደብዳቤ የሚጻፈው በተጠየቀበት ሳምንት አይደለም። በ2ኛ ዓመት ከክፍል በኋላ ቀርቶ በጠየቀው ጥያቄ፣ በቤተ ሙከራ ተሳስቶ ራሱ ባረመው ሥራ፣ በቀጠሮው ሰዓት ባስረከበው ጽሑፍ አማካይነት ተማሪው ደብዳቤውን ቀስ በቀስ ያጽፋል። መምህሩ የሚጨምሩበት ቢኖር ፊርማቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ገና 1ኛና 2ኛ ዓመት ያላችሁ ወጣቶች፣ ዛሬ የምትገቡበት ክፍል ነገ የሚመሰክርላችሁ ሰው የሚገኝበት መሆኑን አትርሱ እንላለን።