በሥልጠና መካከል ስፔሻሊቲ መቀየርና የሜዲኬር የክፍያ ሥርዓት በአሜሪካ

በአሜሪካ አንድ ሬዚደንት ሐኪም የጀመረውን ስፔሻሊቲ ትቶ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ውሳኔው የግሉ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለሐኪሞች ሥልጠና ከሚደረጉት የመንግሥት ድጋፎች ትልቁ የሜዲኬር በመሆኑ፣ ዝውውሩ የተቀባዩን ሆስፒታል ገቢም ይነካል።

ሜዲኬር ቀጥተኛውን የሥልጠና ክፍያ በመርሕ ደረጃ በሙሉ የሚሰጠው፣ ሠልጣኙ መጀመሪያ የገባበት ስፔሻሊቲ ለሚጠይቀው ዘመን ነው፤ ይህም ከ5 ዓመት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ሠልጣኙ በግማሽ ይቆጠራል። ስፔሻሊቲ መቀየር ይህን ዘመን አያራዝመውም።

ስለዚህ የዝውውሩ አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል። 3 ዓመት በሚፈጀው የውስጥ ደዌ ሕክምና 1 ዓመት የቆየ ሐኪም፣ 5 ዓመት የሚፈጀውን ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና እንደ አዲስ ቢጀምር፣ ከ6ቱ ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3ቱ በግማሽ ይታሰባሉ። በአንጻሩ በቀዶ ሕክምና 2 ዓመት ሠልጥኖ የውስጥ ደዌን እንደ አዲስ ለሚጀምር፣ 5ቱም ዓመታት በሙሉ ይታሰባሉ።

ለማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ተዘዋዋሪ ክፍያ በዚህ ምክንያት አይቀነስም። ገደቡም ዝውውርን አይከለክልም። ሆኖም ሐኪሙ ሙያውን ገና ሳይቀምስ ያደረገው የመጀመሪያ ምርጫ፣ በተቀባዩ ሆስፒታል ሒሳብ ውስጥ እስከ ሥልጠናው ፍጻሜ ይከተለዋል።