«ሽንቴ መጣ»፦ የፊኛ ስሜት ምርመራ

የሽንት ፊኛ ከኩላሊት የሚወርደውን ሽንት የሚያጠራቅም የጡንቻ ከረጢት ሲሆን፣ በጤናማ ጎልማሳ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ግድግዳው ሲለጠጥ በውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች የሚቀሰቅሱት መልእክት በአከርካሪው ግርጌ ባሉት ነርቮች በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ወጥቶ «ሽንቴ መጣ» የሚያሰኘው ስሜት ይሆናል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሚደርስ ጉዳት ስሜቱን ሊያዳክመው፣ ፈጽሞ ሊያጠፋው ወይም ያለጊዜው ሊያጣድፈው ይችላል።

ለዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ፣ የአከርካሪ ነቀርሳና ስትሮክ እንዲህ ያለውን ጉዳት ያስከትላሉ። በካፋ ዞን ደግሞ ቀፎን በረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅሎ ማር መቁረጥ የቆየ ሙያ በመሆኑ፣ ከዛፍ መውደቅም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው እግሩ መስነፉ ወዲያው ይታያል፤ ፊኛው መደንዘዙ ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም፣ ያልተሰማው ሽንትም እየተጠራቀመ ለተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ ውሎ አድሮም ለኩላሊት ጉዳት ይዳርጋል።

ሲስቶሜትሪ በሚባለው ዋናው ምርመራ ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ወደ ፊኛ ይገባል፤ ሌላ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል የሆድን ግፊት ስለሚለካ፣ የሁለቱ ልዩነት የፊኛው ጡንቻ የራሱ ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ከዚያ ንጹሕ የጨው ውሃ ቀስ እያለ ሲሞላ ሕመምተኛው ሦስት ደረጃዎችን ይናገራል፤ እነርሱም ፊኛው መሙላት መጀመሩ የታወቀው፣ ሽንት መጥቶ ግን ለጊዜው መቆየት የሚቻልበት፣ በመጨረሻም ስሜቱ በርትቶ ፋታ የማይሰጥበት ጊዜ ናቸው። ግማሽ ሊትር ገብቶ ምንም ያልተሰማው ሰው ስሜቱ ደክሟል፤ 80 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ የተጣደፈው ደግሞ ስሜቱ ከልክ በላይ ነቅቷል።

ማሽኑ ግፊትንና መጠንን ይመዘግባል እንጂ ስሜትን አያውቅም፤ ስሜቱን የሚለካው የሕመምተኛው ቃል ነው። በአማርኛ «ሽንቴ መጣ»፣ «ወጠረኝ» እና «ሊያመልጠኝ ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ማምለጥን የመፍራት ስሜት ስለሆነ ከመወጠር ተለይቶ መመዝገብ አለበት። በካፋዋ ቦንጋ አካባቢ የካፋን ቋንቋ ካፊ ኖኖን ብቻ የሚናገር ሕመምተኛ ሲመረመር፣ አስተርጓሚው ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ካቀረባቸው ውጤቱ ከመነሻው የተበላሸ ነው፤ መርማሪውም መልሱን አስቀድሞ በሕመምተኛው አፍ ውስጥ ማስገባት የለበትም።

ከቃል ውጭ የሚሠራ መንገድም አለ። ቦርስና ብሊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ባስተዋወቁት የበረዶ ውሃ ምርመራ፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የቀዘቀዘ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ፈጥኖ ወደ ፊኛ ይገባል። ቅዝቃዜን የሚያደርሱት ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭን ነርቮች የሚቀሰቅሱት ምላሽ በሕፃናት ላይ የሚታይ ሲሆን፣ አንጎል ሲዳብር ይታፈናል፤ ከላይ ያለው ሕብለ ሰረሰር ከተጎዳ ግን ተመልሶ ይነቃና ፊኛው ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል። የግርጌዎቹ ነርቮች ራሳቸው ከተጎዱ ምንም ምላሽ አይኖርም። ጉዳቱ ከደረት መካከል በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ ምርመራው ግፊቱን እየተከታተሉ የሚከናወን ነው።

ዘመናዊው የሲስቶሜትሪ መሣሪያ ውድ ነው፤ ከቦንጋ ለከፍተኛ ሕክምና እስከሚኬድባት ጅማ ያለው መንገድም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁንና እንደ ቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ባለ የጤና ተቋም የሚጀመረው ሥራ ይህን መሣሪያ አይጠይቅም። በመቀመጫ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በጥጥና በመርፌ ጫፍ መፈተሽ፣ ከሽንት በኋላ የቀረውን በአልትራሳውንድ መለካት፣ ለሦስት ቀናትም ሰዓቱን፣ መጠኑንና ስሜቱን በማስታወሻ ማስያዝ ብዙ ያስረዳል። ካፌይን ፊኛን ስለሚያጣድፍ፣ ቡና በቀን ደጋግሞ በሚፈላባት ካፋ የሲኒው ቁጥርም ከማስታወሻው ሊቀር አይገባም። በማስታወሻው የተለካው ሽንት 600 ሚሊ ሊትር ሆኖ የስሜቱ ዓምድ ባዶ የሆነበት ሰው፣ ከምርመራው በኋላ ስሜትን ሳይሆን ሰዓትን ጠብቆ መሽናትን፣ ወይም ሐኪሙ ጃክ ላፒዴስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስተዋወቀው ንጹሕ ቱቦ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በራሱ እጅ እያስገባ ፊኛውን ማራገፍን ይማራል።