የጤና መድን መታወቂያ ይዘው የሽንት ስፔሻሊስት ዘንድ እንዴት ይደርሳሉ?



ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ አንድ አባት ሽንት እምቢ ብሏቸው፣ ከእምብርታቸው በታች ተወጥረው፣ በልጃቸው ተደግፈው ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። በሽንት ቱቦ (በካቴተር) ሽንታቸው ሲወጣላቸው እፎይ ብለው መረቁኝ። ያበጠው የፕሮስቴት ዕጢያቸው ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልገው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለነበሩ የሕክምናው ወጪ አላሳሰበኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቱቦውን እንደያዙ ተመለሱ። የላክኋቸው ሆስፒታል ከወረዳቸው ጋር የመድን ውል አልነበረውም። «ከኪስህ ክፈል አሉኝ ልጄ። ያለኝ አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ አንዱን ብሸጥ በምን አርሳለሁ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ሪፈሩን ስጽፍ መጠየቅ የነበረብኝን ሁለት ነገር አልጠየቅሁም። የዛሬው ጽሑፌ እርስዎም ሆኑ ሐኪምዎ ይህንን እንዳትረሱ የሚያስታውስ ነው።

የሽንት ስፔሻሊስት (ዩሮሎጂስት) የኩላሊትና የፊኛ ጠጠርን፣ የፕሮስቴት ዕጢን፣ የሽንት መተላለፊያ መጥበብን፣ የፊኛ ካንሰርንና የወንድ የዘር ፍሬ ሕመምን በቀዶ ሕክምና ጭምር የሚያክም ሐኪም ነው። የኩላሊት ድክመትን በመድኃኒትና በእጥበት የሚከታተለው ደግሞ ሌላ ሐኪም፣ ኔፍሮሎጂስት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ ከሩቅ ተጉዞ ሌላ ተራ ይዞ ይገኛል።

መድኑ ውል የሚገባው ከማን ጋር ነው?

ብዙ ታካሚዎች «በመድን የሚያክም ዩሮሎጂስት የት አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንስቶ ውል የሚያዘው ከሐኪም ጋር ሳይሆን ከጤና ተቋም ጋር ነው። አንድ ስፔሻሊስት ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ ሊሠራ ይችላል። መታወቂያዎ የሚያገለግለው ውል ባለው ሆስፒታል ነው እንጂ ሐኪሙን ተከትሎ ወደ ክሊኒኩ አይሄድም። ስለዚህ የሐኪም ስም ከማፈላለግ ይልቅ «ከወረዳዬ ጋር ውል ካላቸው ሆስፒታሎች የዩሮሎጂ ሕክምና ያለው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በወረዳዎ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ይገኛል።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል

አስቀድሞ መታወቂያዎ መታደሱን ያረጋግጡ። መዋጮው በየዓመቱ የሚከፈል ስለሆነ ሕመም እስኪመጣ አይጠብቁ። በመታወቂያው ላይ ያለው ስምዎ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ መሆኑንም ይመልከቱ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ከካርድ ክፍል የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ።

ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። ቶሎ ቶሎ መሽናት የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ማቃጠልም አብዛኛውን ጊዜ በሽንት ምርመራ ታውቆ በመድኃኒት የሚድን ኢንፌክሽን ነው። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ከሄዱ ግን ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሲላኩ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ። የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። እንደ ታምሱሎሲን ያሉ መድኃኒቶች ብዙዎችን ይረዳሉ፤ ይህንንም ጠቅላላ ሐኪም ሊጀምርልዎ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም በአንዳንድ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የፕሮስቴትና የፊኛ ጠጠር ቀዶ ሕክምናን ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ይሠራሉ። የሽንት ጉዳይ ሁሉ እንደ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች መሄድን አይጠይቅም።

ሪፈር ወረቀቱን ተቀብለው ከመውጣትዎ በፊት

እኔ የዘነጋኋቸው ሁለት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የምላክበት ሆስፒታል ከወረዳዬ ጋር ውል አለው? ለሕመሜ የሚሆን ስፔሻሊስትስ አሁን በሥራ ላይ አለ? ሆስፒታሎች እርስ በርስ በስልክ የሚጠያየቁበት የሊያዞን ክፍል አላቸው። «እባክዎ ይደወልልኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ ሐኪሙን ማስቸገር መስሎ አይታይዎ።

ወረቀቱ ላይ የሚላኩበት ክፍል፣ የሕመምዎ ዓይነት፣ ቀንና ማኅተም መኖሩን ይዩ። የሽንትና የደም ምርመራ ውጤትዎን እንዲሁም የአልትራሳውንድ ወረቀትዎን አብረው ይያዙ። ያለ እነሱ ከሄዱ ምርመራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የጤና መድን አገልግሎት የሚሰጥበትን ክፍል ይጠይቁ። የሚታከሙት በመደበኛው ክፍል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የግል ክንፍ የሚባለው አገልግሎት ክፍያው የተለየ ነው። የታዘዘልዎ መድኃኒት በሆስፒታሉ ከሌለ ከውጭ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ውል ያለው መድኃኒት ቤት ካለ አስቀድመው ይጠይቁ። የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ።

ቀጠሮው ቢርቅስ?

የዩሮሎጂስቶች ቁጥር በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ቀጠሮ ሊርቅ ይችላል። ቱቦ የገባልዎ ከሆነ ከረጢቱ ዘወትር ከፊኛዎ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ መሬት ግን አይንካ። ቱቦው ከሰውነት የሚወጣበትን ቦታ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ይጠቡ። ሐኪም ካልከለከለዎ በቂ ውኃ ይጠጡ። ቱቦው እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሳምንታት እስከ 3 ወር ድረስ መቀየር ስላለበት የሚቀየርበትን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ። መቀየሩን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም ማድረግ ይቻላል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሕመሞችም አሉ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ሲል፣ የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ሲመጣ፣ ሽንት በደም ጓል ሲዘጋ በማንኛውም ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የወንድ ልጅ ወይም የጎረምሳ የዘር ፍሬ በድንገት በኃይል ሲያመው ደግሞ ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል ለማዳን ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። «ነገ እናየዋለን» አይባልም፤ ልጁም አፍሮ እንዳይደብቅ አስቀድመው ይንገሩት። ያለ ሕመም ሽንት ውስጥ ደም ማየት ደግሞ አንዴ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ የፊኛ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይመርመሩ።

እኚያ አባት እንዴት ሆኑ ብለው ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ቁጭ ብለን ደወልን። ውል ያለውና የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚሠራበት ሆስፒታል በዚያው በዞናቸው ከተማ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶላቸው ቱቦው ወጣላቸው፤ በሬውም አልተሸጠም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ቀድሜ ደውዬ ቢሆን ኖሮ ግን እነዚያን ሦስት ሳምንታት በስቃይ ባላሳለፏቸው ነበር። እርስዎም ሪፈር በእጅዎ ሲገባ ሁለቱን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ ከክፍሉ አይውጡ።

ጤናዎ ይብዛ!